ወንድሜ ዜጋ ነኝ ይላል፣ እነሱ ይውጣ ይላሉ፤ ፍርድ ቤት የሚገባበት በር አለ?

የዶሮ ማነቂያዋ (ጠያቂ)፦

እንደምን ዋላችሁ። ነገሩ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ። አሳጥሬ ብጽፈው ግማሹን መልሳችሁ ትጠይቁኛላችሁ፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ልዘርግፈው።

ወንድሜ ቨርጂኒያ ውስጥ ታስሯል። እናታችን አንድ ናት፣ አባታችን ይለያያል። እሱ የተወለደው ኅዳር 12 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው፤ በኅዳር ሚካኤል ዕለት። ይህን ቀን እናታችን የምትስተው አይደለም፤ እስከ ዛሬ በየዓመቱ የሚካኤልን ዝክር የምታወጣው በእሱ ምክንያት ነው። አባቱ በ1981 ልጁን ይዞ በሱዳን በኩል ወጣ። ቀጥሎ ባለው ዓመት አሜሪካ ገቡ። እናቴ ያን ጊዜ ከአባቱ ከተፋታች ቆይታለች፤ ከእኔ አባት ጋር ተጋብታ እኔንም ወልዳኛለች።

አባቱ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1996 የአሜሪካ ዜግነት ተቀበለ። ወንድሜ አሥራ ስምንት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ያህል ይቀረው ነበር። ለእሱ ለብቻው ወረቀት ያወጣለት ሰው የለም። «አባትህ ዜጋ ከሆነ አንተም ሆነሃል» ተባለና በዚያው ቀረ፤ ግሪን ካርዱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ኖረ። በሃያዎቹ ዕድሜው ጥፋት ሠራ። አልሸፋፍነውም፣ የአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ነው፤ ቅጣቱንም ጨርሶ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ የጭነት መኪና እየነዳ ልጆች ሲያሳድግ ኖሯል። ባለፈው ዓመት ሲይዙት ያንን የቆየ መዝገብ መዘዙበት።

የኢሚግሬሽን ዳኛው ፊት «እኔ በአባቴ በኩል ዜጋ ነኝ» አለ። ዳኛው አልተቀበለውም። አንደኛ፣ ስደተኛ ሆኖ ሲገባ በተሞላው ቅጽ ላይ የልደት ቀኑ ማርች 12 ቀን 1978 ይላል። በዚህ ከሄድን አባቱ ዜጋ ሲሆን ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት አልፎታል። ሁለተኛ፣ እናትና አባቱ በሕግ መለያየታቸውን የሚያሳይ ሰነድ አልቀረበም። አባቱ ከሞተ ቆይቷል፤ ቀርቦ የሚናገርለት የለም። ይግባኝ የሚያየው ቦርድም በዚህ ሳምንት ውሳኔውን አጸናው። የመንግሥት ወገን ደግሞ ከኤምባሲያችን የጉዞ ሰነድ እየጠየቀለት ነው ብለው ነገሩን።

እኔ የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ፣ በአንዲት የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ሰነድ አባዛለሁ፤ የወንድሜን ግን ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። የፍቺውን ወረቀት ፍለጋ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ «የዚያ ዘመን ማኅደር ከቀበሌው ጋር ነው» አሉኝ። ቀበሌው የነበረበት ግቢ በ2016 የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ አብሮ ፈርሷል። ማኅደሩ ወዴት እንደተዛወረ የጠየቅኳት ልጅ ጥፍሯን እያየች «እኔ እንጃ» ብላኛለች።

እንግዲህ ንገሩኝ። ዜጋ ነኝ የሚልን ሰው ኢሚግሬሽን ራሱ ከሳሽ ራሱ ዳኛ ሆኖ «አይደለህም» ብሎ ማባረር ይችላል? እውነተኛ ፍርድ ቤት የሚገባበት በር አለ? ካለስ እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ ምን ልላክ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እህቴ፣ አይዞሽ። በመጀመሪያ ጠበቃው ወደ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት አቤቱታ ማስገባቱን ዛሬውኑ ጠይቂው። ያለው ጊዜ ሠላሳ ቀን ነው። የሚቆጠረውም ቦርዱ ከወሰነበት ቀን ጀምሮ እንጂ ደብዳቤው እጃችሁ ከገባበት አይደለም። እንደ ወንጀል ክስ መንግሥት ጠበቃ የሚያቆምለትም አይደለም፤ ራሳችሁ ከፍላችሁ ወይም በነፃ የሚረዳ ድርጅት ፈልጋችሁ ነው።

ሌላው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የልጆች ዜግነት ሕግ አለ። አባት ወይም እናት ዜጋ ከሆነ ልጁ ወዲያውኑ ዜጋ ይሆናል ይላል። በእሱ ነፃ መውጣት አለበት፤ ሌላ ነገር የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ወረቀት አያጣም፦

ለምን ትጨነቂያለሽ? የድሮ ፍቺ ወረቀት፣ ማኅተሙ የደርግ ዘመን የሆነ፣ የሚያሠራልሽ ሰው አውቃለሁ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ጠበቃው ከልደታ፦

ከበላዬ ለጻፈው ሰው አስቀድሜ ልመልስ። አንተ የምታሠራው ወረቀት ይህችን ልጅ ወንድሟን ያሳጣታል። የቆየ ሰነድ የሚመረምሩ ባለሙያዎች አሏቸው፤ ቀለሙንም ማኅተሙንም ያያሉ። አንድ ሐሰተኛ ወረቀት ከተገኘ በኋላ እናቲቱ ስለ ሚካኤል ዝክር የምትናገረውን እውነት የሚያምን ዳኛ አይኖርም። በዚያ ላይ ሐሰተኛ የዜግነት ጥያቄ በራሱ በአሜሪካ ወንጀል ነው። አወያዮቹ መልእክቱን ቢያነሱት ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ አንቺ፣ ልጄ። እኔ የአሜሪካ ጠበቃ አይደለሁም። ሥራዬ እዚያ ያሉ ጠበቆች ከዚህ የሚፈልጉትን ሰነድ መፈለግና ስለ እኛ ሕግ የባለሙያ ቃል መጻፍ ነው። (ሰዓት የሚባል ነገር አያውቁም፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደውላሉ።) ይህን ስሠራ ስለኖርኩ ግን ሰነዱን ለምን እንደሚፈልጉት አውቄያለሁ።

በር አለ ወይ ላልሽው፣ አለ። ከመቶ ዓመት በላይም ሆኖታል። ከአገር የማስወጣት ሥልጣን የተሰጠው በውጭ አገር ሰው ላይ ብቻ ነው። ሰውየው ዜጋ ከሆነ ሥልጣኑ ከመነሻው የለም። ስለዚህ ወንድምሽ «ዜጋ ነኝ» ሲል «እናንተ በእኔ ላይ ሥልጣን የላችሁም» ማለቱ ነው። ሥልጣን መኖር አለመኖሩን ደግሞ ባለሥልጣኑ ራሱ የመጨረሻ ቃል ሊሰጥበት አይችልም። የኢሚግሬሽን ዳኛ የምትይው ሰው የፍትሕ ሚኒስቴሩ ተቀጣሪ ነው፤ ቦርዱም እንደዚያው። ሁለቱም የዳኝነት አካሉ ክፍል አይደሉም። «ራሱ ከሳሽ ራሱ ዳኛ» ማለትሽ ብዙም ከእውነት አይርቅም።

ይህን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1922 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ነው፤ የንግ ፈንግ ሆ መዝገብ ይባላል። እንዲባረሩ የታዘዘባቸው አራት ቻይናውያን ነበሩ። ሁለቱ «አባታችን አሜሪካ የተወለደ ዜጋ ነው፣ እኛም ዜጎች ነን» አሉ። ዳኛ ብራንዳይስ በጻፉት ውሳኔ እነዚህ ሁለቱ ጉዳያቸው በፍርድ ቤት እንዲታይ ተፈረደላቸው። ዜጋ ነኝ የሚልን ሰው ማባረር ነፃነቱን እንደሚነጥቀው፣ ንብረቱንና ሕይወቱንም፣ ለመኖር የሚያጓጓውንም ሁሉ ሊያሳጣው እንደሚችል ጽፈዋል። ዜጋ ነኝ ያላሉት ሌሎቹ ሁለቱ ተሸነፉ። የሚገርመው መዝገቡ የሚጠራው ከተሸናፊዎቹ በአንዱ ስም መሆኑ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ1905 ጁ ቶይ በተባለው ጉዳይ ያው ፍርድ ቤት ወደብ ላይ የተያዘን ሰው የባለሥልጣኑ ውሳኔ ይበቃዋል ብሎ ነበር። ደጃፍ ላይ የቆመና ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው እኩል አይታዩም ማለት ነው። ወንድምሽ ከልጅነቱ ጀምሮ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ ይህ ይጠቅመዋል።

የዛሬው ሕግ መንገዱን እንዲህ አድርጎ ዘርግቶታል። ቨርጂኒያ ከሆነ አቤቱታው የሚቀርበው ሪችመንድ ለሚቀመጠው የአራተኛው ክልል ይግባኝ ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ አቤቱታውንና ቃለ መሐላዎቹን ያያል። የሚያከራክር ፍሬ ነገር ካላገኘ የዜግነቱን ጥያቄ ራሱ ይወስናል። የሚያከራክር ፍሬ ነገር ካገኘ ግን ጉዳዩን ሰውየው በሚኖርበት አካባቢ ላለው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይመራዋል፤ እዚያ ምስክር ተሰምቶ እንደ አዲስ ይታያል። «ልጁ የተወለደው በኖቬምበር ነው ወይስ በማርች?» የሚለው ጥያቄ የፍሬ ነገር ጥያቄ ነው። ለዚህ ነው ከአዲስ አበባ የምትልኪው ወረቀት ከምታስቢው በላይ የሚመዝነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈው ወንድማችን ስለ ሠላሳው ቀን ያለው ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምርበት። አቤቱታ ማስገባት ብቻውን አውሮፕላኑን አያቆመውም። የእግድ ትእዛዝ ለብቻው መጠየቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2009 ንከን በተባለው የካሜሩናዊ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እግድ የሚሰጥበትን መመዘኛ አስቀምጧል፤ አመልካቹ የማሸነፍ ዕድሉ ምን ያህል ነው፣ ካልታገደ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል ወይ፣ እግዱ ሌላውን ወገንና የሕዝብን ጥቅም ይጎዳል ወይ የሚሉ ናቸው። የማሸነፍ ዕድል ማለት እንግዲህ ማስረጃ ማለት ነው፤ ተመልሶ ወደ አንቺ ይመጣል።

በ2000 ስለወጣው ሕግ የተጻፈው ግን እዚህ አይሠራም። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2001 ነው። የሚጠቅመውም በዚያ ቀን አሥራ ስምንት ዓመት ላልሞላቸው ነው። ወንድምሽ ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ለእሱ የሚሠራው ከዚያ በፊት የነበረው አንቀጽ ነው፤ እሱም ጠባብ ነው። ሁለቱም ወላጆች ዜጋ ካልሆኑ፣ ዜጋ የሆነው ወላጅ በሕግ የተለያየና ልጁን በሕግ የሚያሳድግ መሆን አለበት። ይህም ልጁ አሥራ ስምንት ሳይሞላው፣ በቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አሜሪካ እየኖረ መሆን አለበት። ዳኛው የያዘባችሁ ሁለት ነጥብ ከዚህ የመጣ ነው።

የልደት ቀኑን ስሕተት ሳየው ሳቄ መጣ፤ በስንት መዝገብ ላይ አይቼዋለሁ መሰለሽ! ኅዳር ሦስተኛ ወራችን ነው። አንዱ ጸሐፊ 12/3/1971 ብሎ ጻፈ። ሌላው ዓመተ ምሕረቱ ላይ ሰባት ደመረና 1978 አደረገው፤ ቀኑንና ወሩን እንዳለ ተወው። ሦስተኛው «ሦስት» የሚለውን ማርች ብሎ አነበበው። ኅዳር 12 ቀን 1971 በትክክል ሲቀየር ኖቬምበር 21 ቀን 1978 ነው። እነሱ የጻፉት ማርች 12 ደግሞ ወደ እኛ ሲመጣ መጋቢት 3 ቀን 1970 ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ የሚያሳይ አንድ ገጽ እኔ እጽፍልሻለሁ፤ አልከፍልም ብለሽ አትጨነቂ።

ቀኑን ማስላት ብቻ ግን አይበቃም፤ ማስረጃ ይፈልጋል። ዛሬ የምታወጪው የልደት የምስክር ወረቀት ብዙ አይረዳም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ስለሆነ ወረቀቱ በቃል የተሞላ መሆኑን ያውቁታል። የሚረዳሽ በዚያው ዘመን የተጻፈ ነገር ነው፤ የክርስትና መዝገብ፣ የክትባት ካርድ፣ የአንደኛ ክፍል መመዝገቢያ። ልጁ የት ነው ክርስትና የተነሣው? የክርስትናው ቀን ከተመዘገበ ክርክሩ ግማሽ መንገድ ሄደ። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ነው የሚጠመቀው። በመጋቢት 1970 የተወለደ ልጅ በታኅሣሥ 1971 ክርስትና ተነሣ ቢባል የዘጠኝ ወር ልጅ ተጠመቀ ማለት ይሆናል፤ ይህን ለአሜሪካዊ ዳኛ ማስረዳት አይከብድም።

ፍቺው ላይ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሰጠው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። ፍቺ መወሰን ወደ ፍርድ ቤት የመጣው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። እናትሽ የተፋታችው ከዚያ በፊት ስለሆነ የፍርድ ቤት ውሳኔ ብትፈልጊ ላይኖር ይችላል። መሥሪያ ቤቶቹ «የለም» ሲሉሽ ፍቺ አልነበረም ማለት አይደለም። የሽማግሌዎቹን ቃለ ጉባኤ ፈልጊ፤ ብዙ ጊዜ እናቶች ሣጥን ውስጥ ነው የሚገኘው። አሜሪካኖቹ ተለያይቶ መኖርን ብቻ እንደ ሕጋዊ መለያየት አይቆጥሩትም፤ ሥርዓት ያለው ውሳኔ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ያኔ ፍቺ የመወሰን ሥልጣን በሕግ የሽማግሌዎቹ እንደነበር፣ ከሕጉ አንቀጾች ትርጉም ጋር፣ የባለሙያ ቃል መያያዝ አለበት። ተቃራኒው ወገን ይከራከርበታል፤ ቀላል ነው አልልሽም። ልጁን ማን ያሳድግ የሚል ውሳኔ ከሌለ ግን ያለ ተቃውሞ በእጁ አድርጎ ያሳደገው ወላጅ አሳዳጊ ተደርጎ የሚታይበት የቆየ የእነሱ አሠራር አለ።

ደግሞ አንቺ ራስሽ ማስረጃ ነሽ። እናትሽ ሁለተኛ ባል አግብታ አንቺን የወለደችው ወንድምሽ ከመውጣቱ በፊት ነው። የሁለተኛው ጋብቻ ወረቀት ካለ የመጀመሪያው መፍረሱን ይደግፋል።

ለጠበቃው አንድ ጥያቄ አድርሺልኝ፦ የሟቹን አባት የኢሚግሬሽን ማኅደር በመረጃ ነፃነት ሕግ ጠይቆ አውጥቷል ወይ? አባትየው በ1996 ዜግነት ሲጠይቅ የጋብቻ ሁኔታ በሚለው ቦታ ላይ ምን ብሎ ሞላ? «የተፋታ» ብሎ ከሆነ በራሱ እጅ የመሰከረው ነው። «ያገባ» ብሎ ከሆነና አዲስ ሚስት ከሌለው መንግሥት ያንን ይዞ ይመጣል፤ አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

የኤምባሲውን ጉዳይ በተመለከተ፣ ዜግነቱ ገና በፍርድ ቤት ክርክር ላይ መሆኑን ጠበቃው በደብዳቤ ያሳውቃቸው። ሕጋችን ጥምር ዜግነት አይፈቅድም፤ አንዱ አገር ያንተ ነው፣ ሌላው ያንተ ነው እየተባባሉ ሰውየውን መሐል ላይ እንዳያስቀሩት ነው። ቤተሰቡ «የእኛ ዜጋ ነው» የሚል ነገር ጠበቃው ሳያየው እንዳይፈርም። ውሸት ተናገሩ እያልኩ አይደለም፤ በክርክር ላይ ያለን ነገር ያለቀ አታስመስሉት ነው።

አልፎ ሂያጅ፦

ስለ አሜሪካ ይህን ያህል ካወቁ ስለ እኛስ ለምን አይነግሩንም? ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ ጎረቤቶቻችን በአንድ ሌሊት ተጭነው ሲሄዱ የትኛው ፍርድ ቤት ጠየቀ? እኔ ያኔ ካዛንቺስ ልጅ ነበርኩ። የክፍል ጓደኛዬ ወንበር ባዶ ሆኖ ቀረ።

ጠበቃው ከልደታ፦

ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ባጭሩ እመልሳለሁ፣ የዚህችን ልጅ ጉዳይ እንዳንቀብረው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ኢትዮጵያዊ ያለ ፈቃዱ ዜግነቱን አይነጠቅም ይላል። አንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት የማቅረብ መብት ይሰጣል። የዜግነት ክርክር የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ነው። ሰው ታስሮ ከሆነ ደግሞ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አለ፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 177 መሠረት ለፍርድ ቤት ይቀርባል። በወረቀት ላይ በሩ አለ። የሚቸግረው ሰውየው ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ድንበር መድረሱ ነው። አንተ የምታነሣው ጊዜ የሆነው ይኸው ነው።

የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሳ ኮሚሽን ሄግ ላይ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 2004 በሰጠው ውሳኔ ይህን አንሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1993 በተደረገው የኤርትራ ሪፈረንደም ለመሳተፍ የተመዘገቡት የኤርትራ ዜግነት አግኝተዋል አለ፤ የኢትዮጵያም አልቀረባቸውም ነበር። በጸጥታ ማጣሪያ ሂደት አልፈው የተባረሩትን ዜግነት መንጠቁን ሕገ ወጥ አላለውም። አገር ውስጥ የቀሩትን፣ ሦስተኛ አገር ላይ የነበሩትንና የአካባቢ ባለሥልጣናት ያለ ሂደት ያባረሯቸውን ዜግነት መንጠቁን ግን ዓለም አቀፍ ሕግን የጣሰ የዘፈቀደ ድርጊት ነው ብሎታል። በውሳኔው የተደሰተም ያልተደሰተም አለ። እኔ በመጀመሪያው ክፍል አልስማማም፤ የጦርነት ጊዜ ማጣሪያ ገለልተኛ ዳኛን አይተካም ባይ ነኝ።

አኑዶ የተባለውን የታንዛኒያ ጉዳይም ብታነበው ጥሩ ነው። ፓስፖርቱን ቀሙት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ኬንያ አስወጡት፣ ኬንያ መልሳ ወደ ድንበሩ ላከችው። ሰውየው በሁለቱ አገሮች መካከል ባለው ባዶ መሬት ላይ ቀረ። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በማርች 2018 ፈረደለት፤ የዜግነት ወረቀት ይዞ የኖረን ሰው ዜጋ አይደለህም የሚል መንግሥት ራሱ ያስረዳ አለ። የአገሩ ሕግ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድበትን መንገድ አለመስጠቱንም ነቀፈ። ኢትዮጵያ የዚያን ፍርድ ቤት ፕሮቶኮል ፈርማለች፣ አላጸደቀችም።

የዶሮ ማነቂያዋ (ጠያቂ)፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ያሉትን ሁሉ አትሜ ይዤ ነው የዞርኩት።

አራዳ ጊዮርጊስ የደብሩ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። አንድ አባት መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በጣታቸው እየተከተሉ ፈለጉልኝ፤ ታኅሣሥ 21 ቀን 1971 ይላል፣ የክርስትና አባቱ ስም ሁሉ አለ። ቁጥሩን ጠቅሰው በማኅተም ጽፈው ሰጡኝ።

የእናቴ ሣጥን ውስጥ ደግሞ የሽማግሌዎቹ ቃለ ጉባኤ ተገኘ። ሚያዝያ 1975 ይላል። አምስት ሽማግሌዎች አሉበት፤ አንዱ በጣት አሻራ፣ አራቱ በፊርማ። ንብረት ተከፋፍለዋል፤ አንድ ሬዲዮና የልብስ ስፌት መኪና ሳይቀር ተጽፏል። ስለ ልጁ ግን አንድም ቃል የለም። ከአምስቱ አንዱ በሕይወት አሉ፣ ጉለሌ ናቸው።

የወንድሜ ጠበቃ አቤቱታውንና የእግድ ጥያቄውን በጊዜው አስገብቷል። ሪችመንድ ያለው ፍርድ ቤት ጥያቄው እስኪታይ ጊዜያዊ እግድ ሰጥቷል። የአባቱ ማኅደር ተጠይቋል፣ ገና አልደረሰም።

አሁን የቸገረኝ እናቴ ናት። ለዳኛው ደብዳቤ ካልጻፍኩ ትላለች። ያጻፈችኝን ልንገርዎት፤ «ልጄን ማሩልኝ፣ ያለ እሱ ልጆቹ ይበተናሉ፣ አሜሪካ ደግ አገር ናት» የሚል ነው። አልቅሳ ነው ያጻፈችኝ፤ አይሆንም ማለት ከበደኝ። ልላከው?

ጠበቃው ከልደታ፦

አትላኪው። ለእሷ ያዢላት፣ ለልጇ ታንብበው። ይህ ፍርድ ቤት የሚጠየቀው ምሕረት አይደለም። ምሕረት የሚለምን ሰው የውጭ አገር ሰው መሆኑን ያመነ ይመስላል፤ ያም ባይሆን ዳኛው በእሱ ላይ ተመሥርቶ ሊወስን የሚችለው ነገር የለውም። እናትሽ ግን በዓለም ላይ ያለችው ብቸኛ የዓይን ምስክሩ ናት። ስለ እንባዋ ሳይሆን ስለምታውቀው ትጻፍ፤ መቼ እንደወለደች፣ ቀኑን በምን እንደምታስታውሰው፣ ክርስትና ያስነሣችበትን፣ ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበትን ቤት፣ ከዚያ በኋላ ልጁ ከማን ጋር እንደኖረ።

ዋናው ነገር ቃለ ጉባኤው ስለ ልጁ ዝም ማለቱ ነው። እሱን የምትሞላው እናትሽ ናት። ልጁ ከአባቱ ጋር እንዲሄድ ለምን ፈቀደች? ጠይቂያት፤ ምክንያቱን እንደ ምክንያትነቱ ትጻፈው።

ቃሉ በአማርኛ ይጻፍ፤ በማታውቀው ቋንቋ አታስፈርሟት። በእንግሊዝኛ ይተርጎም፤ ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ ትክክል መሆኑን ፈርሞ ያያይዝበት። ከአሜሪካ ውጭ ለሚፈረም ቃል የእነሱ ሕግ ሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት መሄድን አያስገድድም። «በሐሰት ብመሰክር በዩናይትድ ስቴትስ ሕግ እንደምቀጣ አውቄ የተናገርኩት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር፣ ቀንና ፊርማ ይበቃል። የቃላቱን አቀማመጥ ጠበቃው ይላክልሽ።

የዶሮ ማነቂያዋ (ጠያቂ)፦

ጠየቅኳት። ብሔራዊ ውትድርና ፈርታ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ከኳስ ሜዳ ተይዞ ሄዶ አልተመለሰም ነበር፤ «የእኔ ደግሞ ጥቂት ዓመት ነው የቀረው» ብላ አባቱን «ውሰደው፣ አንተው አሳድገው» አለችው። ዕድሜዬን ሁሉ አባቱ ልጁን ሰርቋት የሄደ ነበር የሚመስለኝ።

ጠበቃው ከልደታ፦

«አንተው አሳድገው» ያለችው ቃሏ፣ እንዳለችው ሆኖ ይግባ። ሲናገሩ የሰማ ሰው ካለ የእሱም ይጨመር። ለእኛ ጉዳይ ከዚህ የተሻለ ሐረግ እኔ ብጽፍም አላገኝም።

የቃለ ጉባኤውን ዋና ቅጂ በፖስታም በሰውም አትላኪ። የተረጋገጠ ግልባጭ ይሂድ፤ ዋናውን ላየው የሚል ዳኛ ሲመጣ ያኔ መንገዱን እንፈልጋለን። ጉለሌ ያሉትን ሽማግሌ ግን እስከ ቅዳሜ ድረስ ሂጂና አግኚያቸው፤ ፊርማው የእሳቸው መሆኑንና የሌሎቹን አራት ሰዎች ማንነት ይናገሩ። እኔም አብሬሽ እመጣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ክርክር የለኝም።